የጠማቂዋ ቤት በሰነድ ዓይን፦ የአንድን ቤተሰብ ዱካ ስለ መከተል



የዚህ ንግግር መነሻ አንድ ጥያቄ ነው። ጠላ ጠምቃ፣ ጠጅ ጥላ ቤተሰቧን ያስተዳደረች አንዲት ሴት፣ ከሁለት ወይም ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ በማስረጃ ልትገኝ ትችላለችን? ከተገኘችስ በየትኛው መዝገብ፣ በምን ስም፣ በምን ምክንያት ተጽፋ ትገኛለች? ጥያቄው ቀላል የሚመስለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ የታሪክ ትምህርታችን ለረጅም ዘመን ስለ ግብሩ አዳራሽ ሲጠይቅ ኖሮ ስለ ጓዳው የጠየቀው ጥቂት ነውና። ነገር ግን የአዳራሹ ግብር ያለ ጓዳው ሥራ አንድ ቀን እንኳ አይውልም ነበር። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከልም ደብተርና እስክሪብቶ የተገዛላችሁ ከጠላ ሽያጭ በተገኘ ገንዘብ የሆነ ትኖራላችሁ። ስለዚህ ስለ ሩቅ ዘመን ስናገር ስለ ቅርብ ሰዎችም እየተናገርሁ መሆኔን አስቡልኝ።

የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ይህ ዓይነቱ ጥናት በስፋት ወደ ተሠራበት አገር፣ ወደ እንግሊዝ እንሻገር። በዚያ አገር አንድ ተመራማሪ በ16ኛው ወይም በ17ኛው መቶ ዓመት የኖረ ጠማቂን ቤተሰብ ልከተል ቢል የሚነሣባቸው መዝገቦች ብዙ ናቸው። ከ1538 ጀምሮ እያንዳንዱ ደብር ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲያሰፍር ታዝዟል። በ1552 የወጣ ሕግ የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ከዳኞች ፈቃድ እንዲያወጡ አስገድዷል። ከ1662 እስከ 1689 በየቤቱ በሚገኘው የእሳት ምድጃ ቁጥር ልክ ግብር ይከፈል ስለነበር፣ የማን ቤት ስንት ምድጃ እንዳለው ተጽፏል። ሰው ሲሞት ደግሞ ንብረቱ ክፍል በክፍል ይቆጠራል፤ መጥመቂያው ክፍል፣ ጋኑ፣ በርሜሉ፣ ብቅሉ ሁሉ ከነግምቱ ይዘረዘራል። ተመራማሪው እነዚህን አራት መዝገቦች ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ፣ ልጁ መቼ እንደተጠመቀ፣ ባልየው መቼ ፈቃድ እንዳወጣ፣ ቤቱ ስንት ምድጃ እንደነበረው፣ ከሞት በኋላ ምን እንደቀረ ማወቅ ይችላል።

ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ በወጣው የዳቦና የመጠጥ ድንጋጌ መሠረት፣ ለሽያጭ የሚጠምቅ ሁሉ ዋጋውና ጥራቱ ይመረመር ነበር። የሚመረምሩትም የመጠጥ ቀማሾች ይባላሉ፤ የታላቁ ባለቅኔ የሼክስፒር አባት ጆን ሼክስፒር በ1556 በስትራትፎርድ ከተማ በዚህ ሹመት ላይ ነበር። ጠማቂዎች በየአካባቢው ችሎት እየቀረቡ መቀጮ ይከፍላሉ፤ መቀጮውም እየዋለ እያደረ እንደ ፈቃድ ክፍያ ተቆጠረ። የችሎቱ ጸሐፊም ገንዘብ የተቀበለበትን ሰው ስም ይጽፋል። ጁዲት ቤኔት የተባለችው የታሪክ ሊቅ በ1996 ባሳተመችው መጽሐፍ ያደረገችው እነዚህን የመቀጮ ዝርዝሮች በትዕግሥት ማንበብ ነው። ከንባቧም ትልቅ ነገር ወጣ። በ1300 ገደማ በእንግሊዝ የሚሸጠውን መጠጥ በአብዛኛው የሚጠምቁት ሴቶች ነበሩ፤ በ1600 ግን ሙያው በወንዶች እጅ ገብቶ ነበር። ከ1348 እስከ 1349 ከደረሰው ታላቅ ወረርሽኝ በኋላ ፈላጊው በዛ፤ ሆፕ የሚባለው ተክል የሚጨመርበት ቢራ ከባሕር ማዶ መጥቶ ተስፋፋ። የቀድሞው መጠጥ በጥቂት ቀናት የሚኮመጥጥ ሲሆን ቢራው ግን የሚቆይ፣ ርቆ የሚጓዝ፣ ትልቅ ዕቃና ትልቅ መነሻ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ገንዘቡም ብድሩም በወንዶች እጅ ስለነበረ ሙያው ገንዘቡን ተከትሎ ሄደ።

ከዚህ የእንግሊዝ ተሞክሮ ሁለት ነገር እንያዝ። የመጀመሪያው፣ ቀለም የሚፈስሰው ግብር ባለፈበት መንገድ መሆኑ ነው። ያቺ እንግሊዛዊት ጠማቂ የተጻፈችው ሙያዋ ስለተከበረ አይደለም፤ ገንዘብ ስለተወሰደባት ነው። ሁለተኛው፣ የተጻፈችውም ሙሉ በሙሉ አለመሆኑ ነው። ያገባች ሴት በሕግ በባሏ ጥላ ሥር ስለምትውል፣ ብዙ ጊዜ የምትጠምቀው እርሷ ሆና የሚጻፈው የባልየው ስም ነው። ባሏ ሲሞት ስሟ ብቅ ይላል፤ ዳግመኛ ስታገባ ይጠልቃል።

እነዚህን ሁለት ነጥቦች ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ። መጀመሪያ የምንጠይቀው፣ በእኛ አገር ግብሩ በየት በኩል አለፈ? ብለን ነው። መልሱ በማሩና በእህሉ በኩል የሚል ነው። ከጋኑ በፊት፣ ገና ከቀፎውና ከአውድማው ማለት ነው። ሥርዓተ ግብር በመባል የሚታወቀውና የ15ኛውን መቶ ዓመት የቤተ መንግሥት ድግስ የሚያሳየው ጽሑፍ፣ ለንጉሡ ማዕድ የሚቀርበውን ምግብና መጠጥ ከነአቅራቢውና ከነተቀባዩ ይዘረዝራል። ማንፍሬድ ክሮፕ በ1988 ስለዚህ ጽሑፍ ባወጣው ጥናት የቤተ መንግሥቱ የዕለት ኑሮ መስታወት ብሎ አቅርቦታል። ማሩ በጉንዶ ይለካል፤ የማር ግብር የሚከፍለው አገር ይታወቃል፤ ተቀባዩ ሹም ይታወቃል። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት ዝክረ ነገርም የመሬቱ ስሪት፣ የግብሩ ዓይነትና የማድ ቤቱ መሬት በሰፊው ተዘርዝሯል። ማሩ ጓዳ እስኪገባ ድረስ ጽሑፍ ይከተለዋል። ጓዳ ገብቶ በሴቶች እጅ ጠጅ ሲሆን ጽሑፉ በሩ ላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ እንደገና የሚታየው በአዳራሹ፣ በብርሌና በዋንጫ ተቀድቶ ነው።

ስለዚህ ጠማቂዋን በሙያዋ ስም ፈልገን ብናጣት አይግረመን፤ በሙያዋ ማንም አልቆጠራትም። ነገር ግን ሌላ በር አለ፤ እርሱም የመሬት ሰነድ ነው።

ጎንደርን ተመልከቱ። አጼ ፋሲል በ1636 ካቆሟት በኋላ ከተማይቱ የቤተ መንግሥትና የብዙ አድባራት መኖሪያ ሆነች። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት በነዚህ አድባራት መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ የመሬት ሽያጭ፣ ውርስ፣ ስጦታና የሙግት ውሳኔ ይጻፍ ነበር። ዶናልድ ክራሚና የሥራ ባልደረቦቹ እነዚህን ሰነዶች በማይክሮፊልም አንሥተው አጥንተዋቸዋል፤ ክራሚ በ2000 ያሳተመው የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክም ከነርሱ የተገነባ ነው። ከመጻሕፍቱ አንዳንዶቹ በ1868 ከመቅደላ ተዘርፈው ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የጎንደርን ጓዳ የሚያጠና ተማሪ የለንደንን መደርደሪያ መጠየቅ ግድ የሚሆንበት ምክንያት ይህ ነው።

በነዚህ ሰነዶች ውስጥ ሴቶች በገዥነት፣ በሻጭነት፣ በወራሽነትና በተሟጋችነት ይታያሉ። ሪም የሚባለው መሬት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚሰጥ ቢሆንም፣ ሴት አገልጋይ ቀጥራ ልትይዘው ትችል ነበር። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የእኛ ሰነድ ከእንግሊዙ ይልቃል። ኢትዮጵያዊት ሴት ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም። ርስትም ከአባትም ከእናትም ወገን ለሴት ልጅ ይወርዳል። ስለዚህ በሰነዱ ውስጥ ስትገኝ ራሷን ሆና ትገኛለች፤ አግብታም፣ ፈትታም፣ ባሏ ሞቶባትም ስሟ አይለወጥም። እንግሊዛዊቷ በብዙ መዝገብ ተጽፋ በባሏ ስም ተሸፈነች፤ የእኛዋ በጥቂት መዝገብ ተጽፋ በስሟ ቆመች።

የሰነዶቹ ቋንቋም ሊነገርለት ይገባል። መጽሐፉ በግእዝ ሆኖ ሳለ በኅዳጉ የተጻፈው ውል ግን ብዙ ጊዜ አማርኛ ነው፤ ገዥውም ሻጩም እማኙም ሊሰሙት የሚገባ ነገር ነውና። በለንደን የጠማቂዎች ማኅበር በ1422 ላቲኑንና ፈረንሳይኛውን ትቶ መዝገቡን አባላቱ በሚያውቁት በእንግሊዝኛ ለመያዝ መወሰኑ በታሪክ ይጠቀሳል። በሁለቱም አገር የኑሮ ጉዳይ ሲመጣ ጽሑፍ ወደ ሕዝብ ቋንቋ መውረዱን እናያለን። የእነዚህ ሰነዶች አማርኛ ለሥነ ልሳን ተማሪዎችም የሚያስቀና መስክ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ለምሳሌነት ብቻ፣ ከሰነድ ያልተወሰደች ወለተ ማርያም የምትባል ሴት እናስብ። የመጀመሪያው ችግራችን ስሟ ነው። ወለተ ማርያም የክርስትና ስም ነው፤ በአንድ ደብር ውስጥ እንኳ በዚህ ስም የሚጠሩ ብዙ ሴቶች ይኖራሉ። የዓለም ስሟ ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስሟን ብቻ ይዞ ከአንዱ ሰነድ ወደ ሌላው መዝለል አደገኛ ነው። ከስሟ ጋር የአባቷን ስም፣ የማዕርግ መጠሪያዋን፣ የቦታውን ስምና የደብሩን ስም አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። ከነዚህ ቢያንስ ሦስቱ ካልገጠሙ ሁለቱን ሴቶች አንድ አናድርጋቸው።

ሁለተኛው ሥራ ዘመን መለየት ነው። ብዙዎቹ ሰነዶች ዓመተ ምሕረት አይጽፉም። ከዚያ ይልቅ የነገሠውን ንጉሥ፣ የተሾመውን ራስ፣ የደብሩን አለቃ ስም ይጠራሉ፤ ዘመኑንም ዘመነ ማቴዎስ ወይም ዘመነ ዮሐንስ ይላሉ። ይህ ለጀማሪ ቢያስቸግርም፣ ሹማምንቱን በሌላ ምንጭ ላወቀ ሰው ጥሩ መለያ ነው። ንጉሡ ከዚህ እስከዚህ ነገሠ፤ አለቃው ከዚህ ወዲህ ተሾመ፤ ዘመኑ የማቴዎስ ነው ሲባል፣ ክፍተቱ እየጠበበ አንዳንዴ አንድ ዓመት ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው ሥራ እማኞቹን ማንበብ ነው። ጀማሪ ተመራማሪ የእማኞችን ዝርዝር ይዘልለዋል። እኔ ግን ተማሪዎቼን ከዚያ ጀምሩ እላለሁ። በአንዲት ሴት ግዢ ላይ እማኝ የሆኑ ሰዎች በሌላ ጊዜ በልጇ ሙግት ላይ ቢገኙ፣ እነዚያ ሰዎች ጎረቤቶቿ፣ ዘመዶቿ ወይም ባለዕዳዎቿ ናቸው። ሰፈሩ በእማኞች ዝርዝር ውስጥ ተቀምጧል። ቤተሰብ ብቻውን አይገኝም፤ ከሰፈሩ ጋር ነው የሚገኘው።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ ይህች ባለ መሬት ጠማቂ መሆኗን ማረጋገጥ ነው። የገዛችበት ወርቅ ወይም ብር ከየት እንደመጣ ውሉ አይናገርም። እዚህ ላይ ግምትን ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ የሙያችን ነውር ነው። በኑዛዜ ወይም በንብረት ክፍፍል ውስጥ ጋንና እንስራ በብዛት ተቆጥሮ ቢገኝ፣ ለድግስ ከሚያስፈልገው በላይ መሆኑን እንመዝናለን። ክርክሩ የማር ወይም የጌሾ ዕዳ ቢሆን እንመዘግበዋለን። ከዚህ የሚያንስ ከሆነ ግን፣ ይህች ሴት መሬት ገዝታለች ብለን እናቆማለን። ማቆምን ማወቅ ከሙያው ግማሹ ነው።

የውጭ አገር መንገደኞችስ አይረዱንም ወይ? ይረዱናል፤ በልክ። በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ከንጉሡ ዘንድ ለእንግዶቹ በእንስራ ስለሚላከው የማር መጠጥ ጽፏል። በ1770 ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስም ከጤፍ ስለሚሠራው መጠጥ ትቶልናል። ዓይናቸው ግን በመጠጡና በጠጪው ላይ ነበር። በተለይ የእኛ ጠማቂዎች የሚያውቋቸው ጥቃቅን ነገሮች፣ ማለትም ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ መታጠኑ፣ የጥንስሱና የድፍድፉ ልዩነት፣ የጌሾው ልክ፣ እነዚህ በአፍ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፉ እንጂ በመንገደኛ መጽሐፍ የሚፈለጉ አይደሉም።

ሌላም የማይደላ ምንጭ አለ፤ እርሱም ስድብ ነው። የአጼ ቴዎድሮስ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ኮሶ ሻጭ ተብለው መሰደባቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጃቸው ባይነግሥ ኖሮ ያ ስድብ እንኳ ባልደረሰን ነበር። በገበያ ተቀምጣ ልጇን ያሳደገች ሴት ሙያዋ በታሪክ ሲገባ በጠላት አንደበት ገባ። ይህ ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ትልቅ ማሳሰቢያ ነው። አንድን ሙያ በክብር የሚመዘግብ ሰው ካልተገኘ፣ የሚመዘግበው ተሳዳቢው ይሆናል።

ጽሑፉ ሲያልቅ ደግሞ ሸክላው ይቀጥላል። ከዚህ ከሐዋሳ ብዙም በማይርቀው በጋሞ ምድር ጆን አርተር የተባለ የሥነ ቁፋሮ ሊቅ ያደረገው ጥናት በ2003 ታትሟል። መጠጥ የሚፈላበት ሸክላ የውስጥ ገጹ በፍላቱ ምክንያት እየተበላና እየተቦረቦረ እንደሚሄድ፣ ይህም ምልክት ከቤተሰቡ ሀብትና ማዕርግ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። መጠጥ መጥመቅ ብዙ እህል ይፈልጋልና፣ በብዛት የሚጠምቀው ቤት እህል የተረፈው ነው። እንግዲህ የተሰበረ ጋን ስባሪ፣ የሚያነበው ሰው ካገኘ፣ እንደ ግብር መዝገብ ሊናገር ይችላል። እንግሊዞች ጋኑን በወረቀት ላይ ቆጥረው ጻፉት፤ እኛ ዘንድ ራሱ ጋኑ ወረቀት ሆኖ ይጠብቀናል።

አሁን የመጣሁበትን ዋና ነገር ልናገር። እስካሁን የዘረዘርሁት ሁሉ ሰነዱ ከጠፋ በኋላ ፍርስራሽ የመልቀም ሥራ ነው። በእኛ ዘመን ግን ሰነዱ ገና አልጠፋም፤ በመጥፋት ላይ ነው።

ሐዋሳ ዕድሜዋ ከአንድ ሰው ዕድሜ ብዙም የማይበልጥ ከተማ ናት። ቀደምት ነዋሪዎቿ ጥቂት ቢሆኑም ዛሬም በመካከላችን አሉ። ጠላ፣ ጠጅ፣ ቦርዴና አረቄ ሸጠው ቤት የሠሩ፣ ልጆች ያስተማሩ ሴቶች በየሰፈሩ አሉ። ይህ ዩኒቨርሲቲ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ በሚባልበት ዘመን የምግብ ሳይንስ ተመራማሪዎቹ የቦርዴን አሠራርና ጥሬ ዕቃ አጥንተው አሳትመዋል። የፍላቱ ነገር ተጽፏል ማለት ነው። የቀረው የቤተሰቡ ነገር ነው፤ እርሱም የእኛ የትምህርት ክፍል ድርሻ ነው።

መዝገቡ የት አለ ትሉኝ ይሆናል። የእድሩን መዝገብ አስቡ። አባሉ ማን እንደሆነ፣ በቤቱ ማን ማን እንዳለ፣ ማን መቼ እንደሞተ ይጽፋል፤ ከእንግሊዙ የደብር መዝገብ በምን ያንሳል? የእቁቡን ደብተር አስቡ። ማን በየሳምንቱ ስንት እንደከፈለች፣ ዕጣው መቼ እንደደረሳት ያሳያል፤ የጠማቂዋ መነሻ ገንዘብ ከየት እንደመጣ የጎንደሩ ውል ያልነገረንን ይህ ደብተር ይነግረናል። የቀበሌ የቤት ማኅደር፣ የማዘጋጃ ቤት የንግድ ፈቃድ፣ የፍርድ ቤት የውርስ ውሳኔ፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ፣ በሳጥን ታች የተቀመጠ ደረሰኝ፣ እነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የአንዲት ጠማቂ ቤት ሦስት ትውልድ ይቆማል።

ነገር ግን እነዚህ ወረቀቶች እንዴት እንደሚያልቁ ታውቃላችሁ። የእድሩ ጸሐፊ ሲሞት ደብተሩ ከልብሱ ጋር ይወጣል። ቢሮ ሲዛወር አሮጌው ማኅደር ዝናብ በሚገባበት ክፍል ይከማቻል። የእቁቡ ደብተር ዙሩ ሲያልቅ ለእሳት ማቀጣጠያ ይሆናል። የመሬት ሽያጩ ከጎንደር እኛ ዘንድ የደረሰው ክቡር በሆነ መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ስለተጻፈ ነው፤ መጽሐፉን የጠበቀው ሰው ውሉንም ጠበቀልን። የእድር ደብተር እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም።

ስለዚህ የዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትመርጡ ተማሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንድ ቤት ምረጡ፤ ብዙ ቤት አትምረጡ። ባለቤቲቱን ፈቃድ ጠይቁ፤ ለመጻፍም፣ ፎቶ ለማንሣትም፣ ስሟን ለመጥራትም ለየብቻው ጠይቁ። ስሜ አይጻፍ ካለች አይጻፍ፤ የሕያዋን ምርጫ ከእኛ ጉጉት ይቀድማል። የምትናገረውን በቃሏ እንዳለ መዝግቡ፤ ከዚያ ወረቀቱን ፈልጋችሁ ከቃሏ ጋር አስተያዩ። ሁለቱ ሲለያዩ ወረቀቱን ወዲያው አትመኑት፤ ግብር የሚፈራ ሰው ለጸሐፊ የሚናገረውን ታውቃላችሁና። በቤቱ ያሉትን ጋኖች ቁጠሩ፤ ከማን እንደተገዙ፣ ከማን እንደተወረሱ ጠይቁ። የሰበሰባችሁትንም ቅጂ ለቤተሰቡ መልሱ፤ ታሪኩ የእነርሱ ነውና።

በእንግሊዝ ሙያው ከሴቶች እጅ ወጥቶ ወደ ባለ ትልቅ ገንዘብ ሲዛወር የታወቀው፣ የመቀጮ ዝርዝሩ ስለቀረ ነው። በአገራችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በ1922 ከተቋቋመ ወዲህ ፋብሪካዎች በዝተዋል፤ የፋብሪካው ሒሳብ በየዓመቱ ይዘጋል፣ ይመረመራል፣ ይቀመጣል። የጓዳው ሒሳብ ግን በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ነው ያለው። በእኛ አገርም ሙያው እጅ እየለወጠ ከሆነ፣ መቼ፣ በምን ምክንያት፣ በማን ላይ ጉዳት አድርሶ እንደተለወጠ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚጠይቅ ተመራማሪ ይመጣል። ያ ተመራማሪ የሚያነበው ሰነድ እናንተ ዘንድሮ የምትሰበስቡት ይሆናል።

 ጥያቄ ያላችሁ አሁን ማቅረብ ትችላላችሁ።